የስም ሐረግ በኮድ ውስጥ፤ ከእንጦጦና ከየካ በተወሰዱ ምሳሌዎች

መግቢያ

በአገራችን አንድ ሰው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ የራሱን ስም ብቻ ተናግሮ አያበቃም፤ የአባቱን፥ ቢያስፈልግም የአያቱን ስም ይጨምራል። ስለ ቦታም ሲጠየቅ ነገሩ እንደዚሁ ነው። «ወረዳ 1» ብሎ መመለስ ጥያቄውን አይፈታም፤ በየካም፥ በጉለሌም፥ በአራዳም ወረዳ 1 አለና። «አዲስ አበባ፥ የካ፥ ወረዳ 1» ሲባል ግን ቦታው ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። እንግዲህ ቦታውን የሚለየው አንዱ ስም ብቻውን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች በተዋረድ የተያያዙት ስሞች በአንድነት ናቸው። ይህን የተያያዘ የስሞች ተርታ፥ የዘር ሐረግ እንደሚባለው ሁሉ፥ በዚህ ጽሑፍ «የስም ሐረግ» እንለዋለን፤ በውስጡ ያለውንም እያንዳንዱን ስም «መለያ» እንለዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስም ሐረግ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ በምን መልክ መያዝ እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሐረጉን እንደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ቆጥሮ፥ በመለያዎቹ መካከል እዝባር እያስገቡ ማስቀመጥ ነው። ይህ አያያዝ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአማርኛ አጻጻፍና በአዲስ አበባ የአስተዳደር ታሪክ ላይ ሲፈተን ጉድለቱ ይገለጣል። የተሻለው መንገድ ሐረጉን የራሱ ይዞታና የራሱ ተግባር ያለው አካል፥ ማለት የሙያው ሰዎች ኦብጀክት የሚሉትን፥ አድርጎ መያዝ ነው። ጽሑፍ የሐረጉ መልክ እንጂ ሐረጉ ራሱ አይደለም።

1. የነገሩ አመጣጥ

በኮምፒዩተር ውስጥ ፋይሎችን በተዋረድ የማስቀመጥ አሳብ በሰፊው የታወቀው መልቲክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። የዚህ ሥርዓት የፋይል አደረጃጀት እ. ኤ. አ. በ1965 በታተመ ጽሑፍ ተገልጾ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ የተጀመረው ዩኒክስ በመለያዎች መካከል እዝባርን ተጠቀመ፤ መልቲክስ ግን የተጠቀመው «>» በተባለው ምልክት ነበር። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የኢንተርኔትን የስም ሥርዓት ሲያቀርብ መለያዎቹን በነጥብ ለያቸው። እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱን ምልክት መምረጡ ምልክቱ የሐረጉ ባሕርይ አለመሆኑን ያመለክታል።

አካል የሚባለው አሳብ ደግሞ በኦስሎ ከተማ ኦሌ ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒጎር ባዘጋጁት ሲሙላ 67 በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተብራርቶ ወጣ። አካል ማለት መረጃንና በመረጃው ላይ የሚሠሩትን ተግባሮች በአንድነት የያዘ ነገር ነው። እነዚህ ሁለት አሳቦች በአንድ ዘመን ቢወለዱም ቶሎ አልተገናኙም። ዛሬ በብዙ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀው ፓይተን እንኳ የፋይል ሐረግን እንደ አካል የሚይዘውን ክፍል በመደበኛ ስብስቡ ውስጥ ያስገባው በ2014 ነው። እስከዚያ ድረስ የቋንቋው መደበኛ ልማድ ሐረጉን እንደ ጽሑፍ መያዝ ነበር።

2. ሐረግን እንደ ጽሑፍ መያዝ የሚያስከትለው ችግር

በየካና በእንጦጦ ጋራ ግርጌ የሚገኙ ቤቶችን የሚመዘግብ ፕሮግራም እናዘጋጅ ብለን እናስብ። የአንድ ቤት ሐረግ እንዲህ ተጽፎ ይቀርብልናል፦

አዲስ አበባ/የካ ክ/ከተማ/ወረዳ 1/የቤት ቁጥር 214

ፕሮግራሙ ይህን ጽሑፍ በእዝባሩ እየቆረጠ መለያዎቹን እንዲያወጣ ቢታዘዝ አራት መለያ ማግኘት ሲገባው አምስት ያገኛል፤ ይኸውም «አዲስ አበባ»፥ «የካ ክ»፥ «ከተማ»፥ «ወረዳ 1»፥ «የቤት ቁጥር 214» ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአማርኛ እዝባር ቃልን ለማሳጠር የምንጠቀምበት ምልክት ነው፤ ክ/ከተማ፥ ፍ/ቤት፥ ወ/ሮ፥ ገ/ማርያም እያልን እንጽፋለን። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ እምብዛም የማያስቸግረው ምልክት ለእኛ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ የሚያደናቅፍ ይሆናል።

ሌላ ምልክት እንምረጥ ቢባልም ችግሩ ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ነጥብ ብንወስድ «ዓ. ም.» በሚለው አጻጻፍ ውስጥ ይገኛል፤ ሁለት ነጥብ ብንወስድ በቀድሞ መጻሕፍት ቃልን ከቃል የሚለየው እርሱ ነው። ሰው የሚጽፈው ምልክት ሁሉ አንድ ቀን በመለያ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ችግር የቁጥር ነው። በወረዳ 1 ያሉትን ቤቶች ሁሉ ለማግኘት «ጽሑፋቸው በአዲስ አበባ/የካ/ወረዳ 1 የሚጀምሩትን አምጣ» ብለን ብናዝዝ የወረዳ 10ም ቤቶች አብረው ይመጣሉ፤ «ወረዳ 10» የሚለው ጽሑፍ ሲጀምር «ወረዳ 1» ነውና። ወረዳዎቹን በተራ አስቀምጥ ብንለውም፥ ጽሑፍ በፊደል ተራ ስለሚደረደር፥ ወረዳ 10ን ከወረዳ 2 በፊት ያደርጋል። ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም፤ የሰጠነው ሐረግ ሳይሆን የፊደል ተርታ ነው፤ እርሱም የፊደል ተርታን በሚገባ አነበበ።

ሦስተኛው ችግር የአጻጻፋችን ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቅ ያለው ሰፈር በአንዱ ወረቀት «ሃያት»፥ በሌላው «ሀያት»፥ በሦስተኛው «ሐያት» ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል እ. ኤ. አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲገባ ሀ፥ ሐና ኀ፥ ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል። ይህም ትክክል ነው፤ ምክንያቱም በግእዝ «ሠዐለ» ሥዕል መሣልን፥ «ሰአለ» ደግሞ መለመንን ያመለክታል፤ ፊደሉን ማደባለቅ ትርጉምን ያጠፋል። ሆኖም የቦታ መዝገብ እነዚህን አጻጻፎች አንድ አድርጎ ማየት ካልቻለ አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ይመዘገባል፤ ወይም ባለቤቱ መዝገቡ ውስጥ የለህም ይባላል።

3. ሐረግ እንደ አካል

ከላይ የተዘረዘሩት ችግሮች መፍትሔያቸው አንድ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን መለያ ለብቻው አካል እናድርገው። መለያ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ዓይነቱንና ስሙን። «የካ ክ/ከተማ» ማለት ዓይነቱ ክፍለ ከተማ፥ ስሙ የካ የሆነ መለያ ነው። «ወረዳ 10» ማለት ዓይነቱ ወረዳ፥ ስሙም 10 የተባለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ እንደ ቁጥር ስለ ተያዘ ከ2 በኋላ እንጂ በፊት አይሰለፍም። «ክፍለ ከተማ» ተብሎ በሙሉ ወይም «ክ/ከተማ» ተብሎ ባጭሩ መጻፉ በሚታተምበት ጊዜ የሚወሰን ነገር ስለሚሆን ሐረጉን አይነካውም።

ቀጥሎ ሐረግ የእነዚህ መለያዎች ተርታ ይሆናል። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

አካል፦ ሐረግ
ይዞታ፦ የመለያዎች ተርታ፥ ከሥሩ እስከ ጫፉ
ተግባር፦ ወላጅ (የመጨረሻውን መለያ ትቶ የቀረውን ሐረግ ይሰጣል)
ተግባር፦ ልጅ (በጫፉ ላይ አንድ መለያ ጨምሮ አዲስ ሐረግ ይሰጣል)
ተግባር፦ በሥሩ ነውን (ሁለት ሐረጎችን መለያ በመለያ ያመሳክራል)
ተግባር፦ የጋራ አባት (ሁለት ሐረጎች እስከ የት አንድ እንደ ሆኑ ይናገራል)
ተግባር፦ እኩል ነውን (የፊደል ልዩነትን በደንብ እያየ ይወስናል)
ተግባር፦ ጽሑፍ (ለሰው የሚነበብ አድርጎ ያወጣዋል)

«በሥሩ ነውን» የተባለው ተግባር ፊደልን ከፊደል ሳይሆን መለያን ከመለያ ስለሚያመሳክር ወረዳ 10ን ከወረዳ 1 ሥር አይቆጥርም፤ 10 ከ1 ጋር እኩል አይደለምና። «የጋራ አባት» የሚለው ተግባር ደግሞ ሽማግሌዎች ጋብቻ ሲመጣ እስከ ሰባት ቤት እየቆጠሩ ዝምድና የሚፈልጉበትን ዘዴ ይመስላል። የሁለቱን ወገን ሐረግ ከላይ ጀምሮ ጎን ለጎን እያስኬዱ የሚለያዩበትን ስፍራ ማግኘት ነው። የካ ወረዳ 1ና ጉለሌ ወረዳ 1 የመጨረሻ ስማቸው አንድ ቢሆንም የጋራ አባታቸው አዲስ አበባ ብቻ ናት።

የፊደሉን ነገር በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መለያው ስሙን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይጠብቅ፤ ለማመሳከር ብቻ ግን ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የመለሰ ሁለተኛ ቅጂ ይያዝ። በመጀመሪያው እናትማለን፤ በሁለተኛው እንፈልጋለን። በዚህ ዓይነት «ሃያት»ና «ሐያት» በፍለጋ ይገናኛሉ፤ የማንም አጻጻፍ ግን አይሰረዝም።

ከዚህ ሌላ አንድ ሐረግ ከተፈጠረ በኋላ እንዳይለወጥ ማድረግ ይገባል። አንድ ሐረግ በብዙ መዝገብ ሊጠቀስ ይችላል፤ አንዱ ክፍል በመካከሉ ቢለውጠው ሌሎቹ ሳያውቁ ይለወጥባቸዋል። ስለዚህ «ወላጅ»ና «ልጅ» የሚባሉት ተግባሮች የነበረውን ሐረግ አይነኩም፤ አዲስ ሐረግ ይሰጣሉ።

4. ወላጅ ሲለወጥ

እስከዚህ ድረስ የተባለው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። ከዚህ የሚከብደው ተዋረዱ ራሱ የሚለወጥ መሆኑ ነው፤ ለዚህም ከአዲስ አበባ የበለጠ ምስክር መፈለግ አያስፈልግም። በሐምሌ 1967 ዓ. ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ ከተማዋ በከፍተኛና በቀበሌ ተደለደለች። ከ1983 ዓ. ም. በኋላ ከፍተኛ የሚለው ስም ቀርቶ ዞን፥ ወረዳና ቀበሌ ሆነ። በ1995 ዓ. ም. ደግሞ 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፤ በሥራቸውም ቀበሌዎች ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቀበሌው ስም ቀርቶ ወረዳ ተባለ። በመጨረሻም እ. ኤ. አ. በ2020 ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የተባለ 11ኛ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ «ወረዳ» የሚለው ቃል ከ1995 በፊት ከቀበሌ በላይ የነበረ እርከን ሲሆን ዛሬ በከተማዋ ተዋረድ የመጨረሻው እርከን ነው። ስለዚህ ዘመኑ ያልተጻፈበት «ወረዳ 5» ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። ሁለተኛ፥ ቤቱ ከመሠረቱ ሳይነቃነቅ፥ ግድግዳውም ሳይነካ፥ ሐረጉ ብቻ ሊለወጥ ይችላል። ትናንት የየካ የነበረ ቤት በማግስቱ የለሚ ኩራ ሆኖ ያድራል።

ሐረጉን እንደ ጽሑፍ በየመዝገቡ የጻፈ ፕሮግራም በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? በአንድ ወረዳ 4,000 ቤቶች አሉ ብለን ብናስብ 4,000ውን ጽሑፍ አንድ በአንድ መለወጥ አለበት። የተረሳ ቢኖር በአሮጌው ስም ይቀራል፤ ሁሉም በትክክል ቢለወጥ ደግሞ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ይጠፋል። ሁለቱም ጉዳት ናቸው። በ1970ዎቹ የተሰጠ የቀበሌ ወረቀት ይዛ የውርስ ጉዳይ የምታስፈጽም ሴት በወረቀቷ ላይ ያለው ከፍተኛና ቀበሌ በመዝገቡ ውስጥ ከሌለ ቤቷ እያለ እንደሌለ ይቆጠርባታል። ያረጀው የስሙ ተዋረድ እንጂ የእርሷ መብት አይደለም፤ መዝገቡ ግን ሁለቱን ለይቶ አላወቀም።

መድኀኒቱ ቦታንና ሐረግን መለየት ነው። ቦታ ከስሙ ጋር ያልተያያዘ፥ የማይለወጥ የራሱ ቁጥር ያለው አንድ አካል ይሁን። ሐረግ ደግሞ ከዚህ ቦታ ጋር በዘመን የሚታሰር ሌላ አካል ይሁን፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይህ ሐረግ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ነው» ተብሎ ይመዝገብ። እያንዳንዱ እርከን ወላጁን ብቻ ቢያውቅ አንድ ወረዳ ከየካ ወደ ለሚ ኩራ ሲዛወር የሚለወጠው የወረዳው የወላጅነት መዝገብ አንዱ ብቻ ነው፤ 4,000 ቤቶች ወረዳቸውን ተከትለው በራሳቸው ይሄዳሉ። የቀድሞውም ዘመን ሳይሰረዝ ይቀመጣል። ያች ሴት ወረቀቷን ስታቀርብ ፕሮግራሙ በወረቀቱ ቀን የነበረውን ሐረግ ፈልጎ ወደ ቦታው ቁጥር፥ ከዚያም ወደ ዛሬው ሐረግ ያደርሳታል።

ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ ከዕፅዋት ሳይንስ እንጨምር። እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ የአውስትራሊያ ተክል ነው። ከባሕር ዛፍ ዓይነቶች ቅጠሉ የሎሚ ሽታ ያለው አንዱ ለብዙ ዘመን ኢውካሊፕተስ ሲትሪዮዶራ ይባል ነበር። በ1995 እ. ኤ. አ. ሁለት የአውስትራሊያ ሊቃውንት ከወገኑ አውጥተው ኮሪምቢያ ወደሚባል አዲስ ወገን አዛወሩት። ዛፉ ያው ዛፍ ነው፤ የተለወጠው የስሙ ሐረግ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት የቀድሞውን ስም ሳይሰርዙ ከአዲሱ ጋር አያይዘው የሚጠብቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ አለዚያ የትናንት መጽሐፍ ለዛሬ አንባቢ የተዘጋ ይሆናል።

5. ሁለት አባት ያለው ጋራ

በተዋረድ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር አንድ ወላጅ ብቻ አለው ብለን ተነሥተናል። እንጦጦ ግን ይህን ደንብ አይቀበልም። የጋራው ሰንሰለት የጉለሌንም የየካንም ሰሜን ያዋስናል፤ ስለዚህ «እንጦጦ» የሚለውን መለያ ከአንዱ ክፍለ ከተማ ሥር ብቻ ብናስገባው ከሌላው ወገን የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። በተፈጥሮ መዝገብም ነገሩ አንድ ነው። የጋራው ራስ የውሃ መለያያ ነው፤ በደቡቡ የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ፥ በሰሜኑ የወረደው ወደ ዐባይ ተፋሰስ ይሄዳል። እንጦጦን የአዋሽ ልጅ ነው ወይስ የዐባይ ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም። እንዲሁም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ. ም. የነገሡባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአስተዳደር፥ በቤተ ክህነትና በታሪክ ቅርስ መዝገብ ሦስት የተለያየ ሐረግ ሊኖራት ይገባል። በ2013 ዓ. ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክም የሚጎበኘው ሰው በሚፈልገው ዓይነት በመዝናኛ፥ በደን ወይም በአስተዳደር ሐረግ ሊገኝ ይገባዋል።

የአገራችን ሰው ይህን ችግር ከኮምፒዩተር በፊት ያውቀዋል። በጎጃምና በሌሎችም አገሮች እስከ 1967 ዓ. ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በጸናው የርስት ሥርዓት አንድ ሰው እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ መሬት ይጠይቅ ነበር፤ መቁጠሪያውም በአባቱ ብቻ ሳይሆን በእናቱም በኩል ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ብዙ አቅኚ አባቶች የሚያደርሱ ብዙ ሐረጎች ነበሩት፤ ሰውየው ግን አንድ ነበር።

ቦታውን ከሐረጉ ከለየን ይህም ችግር ይቃለላል። አንድ ቦታ ብዙ ሐረግ ሊታሰርለት ይችላል፤ በእያንዳንዱም ላይ «በአስተዳደር»፥ «በተፋሰስ»፥ «በቤተ ክህነት» ተብሎ የመቁጠሪያው ወገን ይጻፋል። እያንዳንዱ ሐረግ በራሱ ወገን አንድ ወላጅ ብቻ ስላለው የተግባሮቹ ደንብ አይፈርስም።

6. ዋጋውና ወሰኑ

ይህ አያያዝ ያለ ዋጋ አይገኝም። ሐረግን እንደ ጽሑፍ የጻፈ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ የሚያገኘውን፥ ወላጁን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ደረጃ በደረጃ እየወጣ መፈለግ አለበት። ስለዚህ ታላላቅ መዝገቦች ሁለቱን ያጣምራሉ፤ እውነተኛውን ዝምድና በወላጅ ይይዛሉ፥ ለፍለጋ ፍጥነት ደግሞ የተዘጋጀ ሙሉ ሐረግ ያስቀምጣሉ። ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ለዚሁ ሥራ የተለየ የመለያ ሐረግ ዓይነት አለው፤ በእርሱም «ይህ ከዚያ በላይ ነውን» ብሎ መጠየቅና የጋራ አባትን መፈለግ ይቻላል። ነገር ግን የተዘጋጀው ሐረግ ቅጂ መሆኑ መረሳት የለበትም፤ ከወላጁ መዝገብ ጋር ከተጋጨ የሚታመነው የወላጁ መዝገብ ነው።

ደግሞም ለሁሉ ነገር ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ተነቦ ለሚጣል ዝርዝር ተራ ጽሑፍ ይበቃል። መለየት ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ስም ከዓመታት በኋላ ሰው መብቱን የሚያስረዳበት ይሆናልን? መልሱ አዎን ከሆነ በጽሑፍ ብቻ ሊተው አይገባም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው የስም ሐረግን እንደ ጽሑፍ መያዝ በአማርኛ እዝባር፥ በወረዳ ቁጥርና በፊደላት መመሳሰል ላይ ይሰናከላል። መለያን ዓይነትና ስም ያለው አካል፥ ሐረግንም የማይለወጥ የመለያዎች ተርታ ማድረግ እነዚህን ችግሮች ያስወግዳል። ቦታን ከሐረጉ መለየትና ሐረጉን በዘመንና በወገን ማሰር ደግሞ የወሰን መለዋወጥንና የእንጦጦን ዓይነት ሁለት አባት ያላቸውን ቦታዎች ለመያዝ ያስችላል። በአገራችን መዝገቦች ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ ናቸው፤ በዚህ ጊዜ በቸልታ የተያዘ የስም ሐረግ ነገ ብዙ ሰዎችን በየመስኮቱ ያንከራትታል። ስለዚህ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ ከመሥራቱ በፊት የሚመዘግበው ነገር ስሙ ቢለወጥ፥ ወላጁ ቢዛወር፥ ሁለት ወላጅም ቢገኝለት መዝገቡ ይጸና እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል።